ዝገት የበላውን ፊያት 124 ስፓይደር በአዳማ ግቢ ውስጥ መጠገን

የቆየ የስፖርት መኪና ገዝቶ ግቢው ውስጥ ያቆመ ሰው ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሞተሩ ነው፤ ሞተር ሲነሣ ደስ ያሰኛል፣ ጎረቤትም ይሰማል። እንደ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ባለ መኪና ላይ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን የመኪና ትርዒት ላይ ለሕዝብ የቀረበውና በፒኒንፋሪና የተነደፈው ይህ መኪና እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻሲ የለውም። ሞተሩንም ተሳፋሪውንም የሚሸከመው ራሱ ቦዲው፣ ማለትም እርስ በርሱ የተበየደ ስስ ላሜራ ነው። ጣሪያው ተጣጣፊ ሸራ በመሆኑ ደግሞ ዝግ መኪና ከጣሪያው የሚያገኘውን ጥንካሬ አያገኝም፤ ሸክሙ ወደ ወለሉና ከበሮቹ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ወደሚዘረጉት ባዶ የላሜራ ሣጥኖች ይወርዳል። ስለዚህ በዚህ መኪና ላይ ዝገት ከመልክ ይልቅ የመሸከም ጉዳይ ነው፤ ሞተሩ በማንኛውም ጊዜ ሊወርድና ሊታደስ ይችላል፣ የበር ሥር ሣጥኑ የተበላ ስፓይደር ግን መሐሉ ላይ እየጎበጠ ሄዶ በሩ አልዘጋ የሚልበት ቀን ይመጣል።

አዳማ ለዚህ ሥራ ትመቻለች፣ ታስቸግራለችም። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው፤ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ዝገቱ በግልጽ ይፋጠናል፣ ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በዚህ ምክንያት ዕድሜውን በአዳማ ያሳለፈ መኪና ጂቡቲ ወይም ምጽዋ ከከረመ መኪና ይልቅ በአብዛኛው ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ ሻጩ መኪናው የት የት እንደኖረ ሲናገር በጥሞና ማዳመጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። እዚህ የሚያስቸግረው አቧራው ነው። ደቃቁ አፈር በፓራፋንጎ (ጎማውን በሚሸፍነው የቦዲ ክፍል) ውስጥና በላሜራ መጋጠሚያዎች መካከል ይከማቻል፣ በክረምት ውሃ ይጠጣል፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላም እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ከውጭ ሲታይ የደረቀ መኪና ከውስጥ የሚዝገው እንዲህ ነው። ነፋሱ ሌላው ጉዳይ ነው፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ በከተማዋ ዙሪያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም፣ ይህም ነፋስ በብየዳና በቀለም ሥራ ላይ የራሱን ጣጣ ያመጣል።

የጊዜ ሰሌዳውን ከዝናቡ ጋር ማስማማት ያስፈልጋል። ክረምቱ ለመፈታታት፣ ለመመርመርና ትናንሽ ክፍሎችን ለማጽዳት ይሁን፤ ላሜራ የሚቆረጥበት፣ የሚበየድበትና ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚሄደው መነሻ ቅብ) የሚቀባበት ሥራ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት ይመደብ። እርቃኑን የቀረ ብረት በሐምሌ አንድ ሌሊት ውጭ ቢያድር ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ይገኛል።

ምርመራው

ምርመራው የሚጀምረው መቀመጫዎቹን፣ ምንጣፉንና ከምንጣፉ ሥር ያለውን ስፖንጅ በማውጣት ነው። ስፖንጁ እርጥብ ከሆነ ወለሉ ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም። ቀጥሎ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በቀለሙ ላይ ቀስ ተብሎ ይንሸራተት፤ ማግኔቱ መያዙን የሚያቆምበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ እንዳለ ይናገራል። የኋላ ጎማ ቅስቶች፣ ከፊት ጎማ በስተኋላ ያለው የፓራፋንጎ የታችኛው ጫፍና የበሮቹ ግርጌ ማግኔቱ በብዛት የሚለቅባቸው ቦታዎች ናቸው።

ከዚያ ካቻቢቴ ይነሣ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተደግፎ እያለ ከሥሩ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ በጠንካራ የብረት መቆሚያዎች ላይ ካረፈ በኋላ ወለሉን፣ የበር ሥር ሣጥኖቹንና የክሪክ ማስገቢያ ነጥቦቹን በካቻቢቴው ጫፍ ጠንከር አድርጎ መጫን ያስፈልጋል። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቶ ይመልሳል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል ወይም ካቻቢቴውን ያሳልፋል። አንዳንድ ባለቤቶች ቀለሙ እንዳይበላሽ በመስጋት ይህን ፍተሻ በጣት መታ መታ ብቻ ያልፉታል፤ ነገር ግን በእጅ ግፊት ካቻቢቴ የበሳው ላሜራ ቀድሞውንም ላሜራ አልነበረም።

በስፓይደር ላይ ልዩ ትኩረት የሚሹት የፊት ሞላዎችና አሞርዛተሮች ከላይ የሚታሰሩባቸው የላሜራ ማማዎች ናቸው። ጎማው የሚረጨው ጭቃ በተደራረቡት ላሜራዎች መካከል እየገባ ከውስጥ ይበላቸዋል፤ ስለዚህ ኮፈኑን ከፍቶ ከላይ ማየት አይበቃም፣ ጎማው ወልቆ ጭቃው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ከታች መታየት አለበት። ይህ ክፍል የፊት ጎማውን አቀማመጥ የሚወስን በመሆኑ እዚህ ቦታ ላይ ቀዳዳ ከተገኘ ሥራው መለኪያና ልምድ ላለው ባትላሜራ (የቦዲ ላሜራ ሠራተኛ) ቢሰጥ ይሻላል። እዚህ ላይ አንድ መልካም ነገር አለ፤ ላዳ የተሠራችው በፊያት 124 የቤት መኪና መነሻ ስለሆነ ላዳ ሲጠግን የኖረ ባለሙያ የዚህን መኪና የፊት አሠራር ሲያይ ብዙ እንግዳ ነገር አይገጥመውም። ሆኖም የላዳ ላሜራ ለሩሲያ መንገድ ተብሎ የጠነከረ ስለነበር በላዳ የለመደው እጅ በፊያቱ ላይ ቀለል ማለት ይኖርበታል።

ባትሪው የሚያርፍበት ወለል በአሲድ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛው ወለልና የትርፍ ጎማው ጎድጓዳ ቦታ በተጠራቀመ ውሃ፣ የፊት መስታወቱ ግርጌ ደግሞ ባረጀ ጎማ ምክንያት ይበላሉ። እነዚህን አይቶ ማለፍ ብዙ ጊዜ አይወስድም።

ውሃው በየት ገባ?

በቀለም ላይ የሚታየው እብጠት ውሃው ከውስጥ ጀምሮ የሄደበት መንገድ መጨረሻ ነው። መነሻው ሳይታወቅ ላሜራ መቁረጥ ያንኑ ላሜራ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደገና ለመቁረጥ መዘጋጀት ነው። ስለዚህ በመዶሻና በመቁረጫ ፋንታ በውሃ ጀሪካን መጀመር ይሻላል። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ከውጭ ውሃውን ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ፣ በመጀመሪያ በበሩ ግርጌ፣ ቀጥሎ በመስታወቱ ጎማ፣ በመጨረሻ በሸራ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ቀስ እያደረገ ያፍስስ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም ቦታ በአንድ ጊዜ ስለሚያረጥብ በየት እንደገባ መለየት አይቻልም።

በዚህ ፍተሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ውሃ የሚገባበት ሳይሆን መውጫ ያጣበት ቦታ ነው። ፋብሪካው በበሮቹ ግርጌና በበር ሥር ሣጥኖቹ ላይ ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችን ትቷል፤ እነዚህ በጭቃ፣ በወፍራም ቀለም ወይም ከሥር በተቀባ ሬንጅ ይደፈናሉ። ከታች ሬንጅ መቀባት መኪናን ከዝገት ይጠብቃል የሚለው እምነት በብዙ ባለመኪኖች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በንጹሕ ብረት ላይ የተቀባ እንደሆነ እውነትነት አለው፤ በዛገ ብረት ላይ ሲቀባ ግን እርጥበቱን ከሥሩ ቆልፎ ያስቀምጠዋል፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ አዲስ ውሃ ይጋብዛል። ስለዚህ የቆየ ሬንጅ ካለ በሞቀ መፋቂያ ተነሥቶ ሥሩ መታየት አለበት።

የዝገቱ ደረጃ

ቀለሙ ከተነሣ በኋላ የሚታየው ዝገት ሦስት ዓይነት ነው። ፊቱ ብቻ የቀላ ብረት በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ነጭ ብረት እስኪታይ ድረስ ከጸዳ ሌላ ነገር አይፈልግም። ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ብረት ላይ ደግሞ ብሩሽ የጉድጓዶቹን ከንፈር ብቻ ያበራና ሥሩን ይተዋል፤ እዚህ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበት የዝገት ማስወገጃ ያስፈልጋል። ፈሳሹ በብሩሽ ይቀባል፣ እንዲደርቅ ሳይፈቀድለት እየታደሰ ይቆያል፣ በኋላም በምርቱ ማሸጊያ ላይ በተጻፈው መሠረት ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል። በላሜራ መጋጠሚያዎች ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል፤ ከዚያ ማጠብ ስለማይቻል በኋላ ቀለሙን ከውስጥ ያነሣዋል። ሦስተኛው የተበሳው ነው። ለተበሳ ላሜራ ከመቁረጥና ጤነኛ ብረት ከመበየድ በቀር መድኃኒት የለውም፤ የዝገት መለወጫ የሚባሉት ፈሳሾች ዝገቱን ያጠቁሩታል እንጂ የጠፋውን ብረት አይመልሱም።

ከዚህ ጋር ተያይዞ መኪናውን በአሸዋ ርጭት ማጽዳት ብዙ ሰው የሚመኘው ነገር ነው። ለጎማ ቸርኬ፣ ለማንጠልጠያ ክንዶችና ለመሳሰሉት ወፍራም ክፍሎች ጥሩ ነው። ለኮፈንና ለበር ግን አይመከርም፤ ሰፊና ስስ የሆነ ላሜራ በርጭቱ ግፊት ይለጠጥና ይወላገዳል፣ ያንን ማቃናት ደግሞ ዝገቱን ከማጽዳት ይከብዳል። ተራ አሸዋ ሲፈጭ የሚወጣው የሲሊካ አቧራ ሳንባን ለዘለቄታው የሚጎዳ ስለሆነ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ጨርሶ መሠራት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 1970ዎቹ የተቀቡ ቀለሞች እርሳስ ሊኖርባቸው ስለሚችል የቆየውን ቀለም በደረቁ ከመፋቅ ይልቅ በውሃ እያራሱ መፋቅና ልጆችንና ዶሮዎችን ከአካባቢው ማራቅም አስፈላጊ ነው።

ለማጠፊያዎች፣ ለመያዣዎችና ለመሳሰሉት ትናንሽ ክፍሎች በኤሌክትሪክ ማጽዳት ርካሽና የሚያስተማምን ዘዴ ነው። በፕላስቲክ በርሜል ውሃ ውስጥ ሶዳ አሽ፣ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ይሟሟል፤ የ12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር ኔጌቲቭ ጫፍ ከሚጸዳው ክፍል ጋር፣ ፖዘቲቩ ከማያስፈልግ ተራ ብረት ጋር ይታሰራል፤ ሁለቱ ብረቶች እንዳይነካኩ ተደርጎ ይታደራል። ጫፎቹ ከተገለበጡ የሚበላው መጽዳት የነበረበት ክፍል ነው። ለማያስፈልገው ብረት የማይዝግ ብረት መጠቀም አይገባም፤ ከእርሱ የሚወጣው የክሮሚየም ውሁድ መርዛማ ነው። በሂደቱ ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚወጣ በርሜሉ ከቤት ውጭ፣ ከከሰልና ከሲጋራ ርቆ ይቀመጥ። ሞላዎችንና በጣም ጠንካራ ብሎኖችን በዚህ መንገድ ማጽዳት ደግሞ ብረታቸውን ተሰባሪ ሊያደርግ ስለሚችል እነርሱን በብሩሽ መተው ይበጃል።

የበር ሥር ሣጥኑን መቀየር

ጠቅላላው ሥራ የሚመዘነው በዚህ ክፍል ነው፤ ብዙ እድሳት የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ሣጥኑ አንድ ላሜራ አይደለም፤ የውጩ፣ የውስጡና በመካከላቸው የሚያጠናክረው ላሜራ ተደራርበው የሚሠሩ ናቸው። በየጋራዡ የሚታየው አቋራጭ የተበላውን የውጭ ላሜራ ሳያነሡ በላዩ ላይ አዲስ መደረብና በስቱኮ ማሳመር ነው። ሲያዩት ያምራል፤ የውስጡ ላሜራ ግን መበስበሱን ይቀጥላል፣ ሁለቱ ላሜራዎች መካከል የቀረው ክፍተትም አዲስ የውሃ ማከማቻ ይሆናል። መኪና ለመግዛት የሚሄድ ሰው የበር ሥር ሣጥኑ ከሚገባው በላይ ለስላሳና ወፍራም መስሎ ከታየው ይጠርጥር።

ከመቁረጡ በፊት መኪናው ቅርጹን እንዲጠብቅ መደገፍ አለበት። በሮቹ አይወልቁም፤ በቦታቸው ተዘግተው ይቆያሉ፣ ምክንያቱም በበሩና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት ቦዲው መንቀሳቀሱን የሚናገር ታማኝ መለኪያ ነው። ክፍተቱ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ተለክቶ በወረቀት ይጻፍ። ቀጥሎ ከ25 ወይም ከ30 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለአራት ማዕዘን ብረት) የተሠራ ድጋፍ ከውስጥ በኩል፣ ማጠፊያዎቹ ከታሰሩበት የፊት ቋሚ እስከ ቁልፉ የሚያርፍበት የኋላ ቋሚ ድረስ በሁለት መስመር ይታሰርና በመካከላቸው አንድ ሰያፍ ብረት ይጨመር። ድጋፉ በሩ እንዲከፈትና እንዲዘጋ የሚፈቅድ መሆን አለበት። የግራውንና የቀኙን ቋሚዎች የሚያያይዝ አንድ አግዳሚ ብረት ከተጨመረ ይበልጥ ይታመናል።

የመኪናው ክብደት የት እንዳረፈም ወሳኝ ነው። መቆሚያዎቹ በሚቆረጠው ሣጥን ሥር መሆን አይችሉም፤ በማንጠልጠያዎቹ ሥር፣ ማለትም መኪናው በጎማው ሲቆም ክብደቱ በሚያርፍባቸው ነጥቦች ላይ ይሁኑ፣ ወለሉም በውሃ ልክ የተስተካከለ ይሁን። ሲሚንቶ ያልፈሰሰበት የአፈር ግቢ ከሆነ ከመቆሚያዎቹ ሥር ወፍራም ሳንቃ ወይም የብረት ሰሌዳ ይነጠፍ፤ ልል አፈር በአንድ በኩል ትንሽ ቢሰምጥ እንኳ ቦዲው ተጣሞ ይበየዳል፣ በኋላም በዚያው ጥመት ይኖራል።

አንዱ ጎን ተቆርጦ፣ ተበይዶና ቀዝቅዞ ሳያልቅ ሌላው ጎን አይነካም። በአንዱ ጎንም ቢሆን ሙሉውን ርዝመት በአንድ ጊዜ ከመክፈት ይልቅ የውስጡን ላሜራ በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁራጭ እየቀየሩ መሄድ ይመረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ከተበየደ በኋላ በሩ ይዘጋ፣ ክፍተቱም ከተጻፈው ልኬት ጋር ይመሳከር። ልኬቱ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ከተለወጠ ቆም ብሎ ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ የሚበየደው ቁራጭ ስሕተቱን ያጸናዋል እንጂ አያርመውም። የመጨረሻው የውጭ ላሜራ ከመዘጋቱ በፊት የውስጡ ፊት በሙሉ ፕራይመር ሊቀባ ይገባል፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹም በአዲሱ ላሜራ ላይ መከፈታቸው ይረጋገጥ።

ላሜራውና ብየዳው

ለወለልና ለሣጥን የ1 ሚሊ ሜትር፣ ለውጭ አካል ደግሞ የ0.8 ሚሊ ሜትር የቀዝቃዛ ጥቅልል ላሜራ ተስማሚ ነው። የቤት ቆርቆሮ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች በመሆኑ ሸክም አይችልም፤ ከዚህም በላይ የተለበጠበት ዚንክ በብየዳ ሙቀት ተንኖ ሲተነፈስ ማታውን ብርድ ብርድ የሚያሰኝና ወባ የያዘ የሚያስመስል ትኩሳት ያመጣል። በጋራዦች ዘንድ ከብየዳና ከቀለም በኋላ ወተት መጠጣት የተለመደ ነው። ወተት ክፉ ነገር አይደለም፣ ነገር ግን ሳንባ ውስጥ የገባ ጭስ በሆድ በኩል አይወጣም፤ ተገቢ ማጣሪያ ያለው ጭንብል መልበስና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሥራት ብቻ ነው የሚያድነው።

አዳማ በጂቡቲ መስመር ላይ በመሆኗ ተሳቢና ከባድ መኪና የሚበይዱ ጎበዝ ባለሙያዎች ሞልተውባታል። ሆኖም የተሳቢ ሻሲ በ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ አሳምሮ የሚበይድ እጅ ስስ ላሜራ ላይ ሲመጣ ብረቱን አቅልጦ ሊያወርደው ይችላል። የኦክስጅን ብየዳም ቢሆን በሠለጠነ እጅ ይሠራል፤ ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ግን ላሜራውን ያንጨባርራል። ለዚህ መኪና የሚመረጠው በ0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦና በአርጎንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቅልቅል ጋዝ የሚሠራ ሚግ ብየዳ ነው። የአዳማ ነፋስ ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ነው፤ በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ የሚነፍስ ቀላል ነፋስ እንኳ ጋዙን ከብየዳው ላይ ገፍቶ ይወስደዋል፣ ያለ ጋዝ የተበየደውም ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣል። በነፋሱ በኩል ሸራ መወጠር ወይም ከግንብ ጥግ ተጠግቶ መሥራት ይበቃል። መጋጠሚያው በተደጋጋሚ ቀዳዳ የሚያወጣ ከሆነ የማሽኑን ቁጥር ከመቀያየር በፊት ነፋሱንና የብረቱን ንጽሕና መመልከት ይገባል። ረጅምና ቀጭን የማራዘሚያ ገመድም ኃይሉን ስለሚቀንስ ብየዳውን ያደክመዋል።

የተበላው ክፍል ጤነኛና ብሩህ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይቆረጣል፤ ከዝገቱ ጠርዝ ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር አልፎ መቁረጥ ቆጣቢነት ነው። ማጣፊያው በካርቶን ከተለካ በኋላ ከላሜራ ይቆረጥና ማዕዘኖቹ ክብ ይደረጉ። በውጭ አካል ላይ ጠርዝ ለጠርዝ መግጠም እንጂ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ አይገባም፤ ድርቡ ውሃ ይይዛል። ብየዳው ነጥብ ነጥብ ሆኖ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ተቃራኒው ጫፍ እየተዘለለ፣ ላሜራው በእጅ ሲነካ የማያቃጥል እስኪሆን እየተጠበቀ ይሠራል። ነጥቦቹ በመካከላቸው እየተጨመሩ እስኪገናኙ ድረስ መታገሥ ግድ ነው፤ በተከታታይ መስመር መበየድ የሚያተርፈው የተንጨባረረ በር ነው። ፋብሪካው ድርብ ባደረገባቸው የወለልና የሣጥን ጠርዞች ላይ ደግሞ በላይኛው ላሜራ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ተበስቶ በብየዳ ይሞላል።

እሳትን በተመለከተ ጥቂት ነገሮች ሳይዘነጉ መፈጸም አለባቸው። ባትሪውና የዲናሞው ሽቦዎች ይፈቱ። የነዳጅ ታንኩ ወልቆ ከግቢው ጥግ ይራቅ፤ ባዶ ታንክ ከሞላው የበለጠ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ታንኩን ራሱን በቤት መበየድ የማይታሰብ ነው። በወለሉ ሥር የሚያልፉት የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች ይነሡ። በወለሉ ላይ የተለጠፈው የድምፅ መከላከያ ሬንጅ ነክ ስለሆነ በብየዳ ሙቀት ይቀጣጠላል፣ ቀድሞ መፋቅ አለበት። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ላይ መበየድ ገዳይ ጋዝ ስለሚያመነጭ ለጽዳት አሴቶን ወይም ቲነር መጠቀምና ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ብየዳው ካበቃ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ከመኪናው አለመራቅ ተገቢ ነው።

ከብረት እስከ ቀለም

የተበየደው ብረት ተስተካክሎ በሁለት ጨርቅ፣ በአንዱ ቲነር እየተቀባ በሌላው ሳይደርቅ እየተጠረገ፣ ከጸዳ በኋላ በባዶ እጅ መነካት የለበትም። የላብ ጨው የጣት ዐሻራን በዝገት ይጽፋል። በዚያው ቀን ባለሁለት ክፍል፣ ማለትም ከማድረቂያው ጋር ተቀላቅሎ የሚቀባ፣ ኢፖክሲ ፕራይመር ይቀባ። በየሱቁ የሚሸጠው ተራ አንቲረስት ለበርና ለአጥር ጥሩ ነው፤ ባለሁለት ክፍል ቀለም ከላዩ ሲቀባ ግን ሊሸበሸብ ስለሚችል ለመኪና አይመረጥም።

ስቱኮ ከኢፖክሲው በላይ እንጂ ከብረቱ ላይ በቀጥታ ባይቀባ ይሻላል፤ ስቱኮ ውሃ ይጠጣልና። ውፍረቱ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ላሜራው በመዶሻ መቃናት ነበረበት ማለት ነው። ማድረቂያው በክብደት 2 በመቶ አካባቢ ነው፤ በአዳማ የቀትር ሙቀት ትንሽ መቀነስና በትንሽ በትንሹ መለወስ ካልሆነ ስቱኮው እጅ ላይ ይደርቃል። ከ80 ቁጥር ተጀምሮ በ180 እና በ320 ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀባው መሙያ ፕራይመርም ውሃ ስለሚያሳልፍ መኪናውን በፕራይመር ብቻ ክረምት ማስገባት የተደከመበትን ሁሉ መልሶ ማበላሸት ነው። ገንዘብ ካጠረ በኢፖክሲ መጨረስ፣ ስቱኮውንና መሙያውን ለሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ማቆየት ይሻላል።

የመጨረሻው ቀለም ነፋስ በማይኖርበት ሰዓት፣ ወለሉ በውሃ ተረጭቶ ይቀባል። ባለሁለት ክፍል ቀለሞች ማድረቂያ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት አስም የሚያስከትል ስለሆነና የአቧራ ጭንብል ስለማያግደው፣ ይህን አንድ ደረጃ ንጹሕ አየር የሚያቀርብ መሣሪያ ላለው ቀለም ቀቢ መስጠት ብልኅነት ነው።

ባዶ ክፍሎቹን መጠበቅ

ቀለሙ ሲደርቅ ብዙ ሰው ሥራውን ያበቃ ይመስለዋል። ዝገቱ የጀመረበት የሣጥኑ ውስጥ ግን ብየዳው ፕራይመሩን ባቃጠለበት መስመር ሁሉ እርቃኑን ነው። እዚህ ረጅም ቱቦ ባለው መርጫ የሚገባ የሰም መከላከያ ያስፈልጋል። የተዘጋጀው ካልተገኘ ሰም በሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጦ፣ ምድጃውን አጥፍቶ ከእሳቱ ከራቁ በኋላ ከንጹሕ የሞተር ዘይትና ኋይት ስፒሪት ከሚባለው የቀለም ማቅጠኛ ጋር ማዋሐድ ይቻላል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ቀጭን ማር የሚፈስ መሆን አለበት። በጋራዦችና በመኪና ማጠቢያዎች የሚረጨው የተቃጠለ ዘይት ግን አይመከርም፤ አሲድና የብረት ብናኝ አለበት፣ የማንጠልጠያ ጎማዎችን ያሳብጣል፣ ለቆዳም ጎጂ ነው።

ርጭቱ በሞቃት ቀን ቢሆን ሰሙ ወደ መጋጠሚያዎቹ ጠልቆ ይገባል። ከታች ካሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች መንጠባጠብ ሲጀምር ሣጥኑ ጠግቧል። በማግስቱ እነዚያ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ እንደገና ይከፈቱ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከክረምት መግቢያ በፊት ቀዳዳዎቹን መክፈት፣ የፓራፋንጎዎቹን ውስጥ በውሃ ማጠብ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ምንጣፉን አንሥቶ ወለሉን በእጅ መዳሰስ ይገባል፤ ሰሙ ሳስቶ ከተገኘ ያ ክፍል ብቻ እንደገና ይረጫል።